በጅምላ ከመግዛታችን በፊት ያለንን ቴሌቪዥን እንፈትሽ

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት



ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን ሳይቋጭ ያደረ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ የሚያሳየውን ትንሽ ኮምፒዩተር፣ በተለምዶ «ቦክስ» የሚባለውን፣ በማኅበሩ ስም በጅምላ እንግዛ የሚለው ሐሳብ ነው። አንድ ነጋዴ ለየአባወራው አንዳንድ ቦክስ በዱቤ ላቅርብ፤ ገንዘቡን ማኅበሩ ከየወሩ መዋጮ ላይ እየሰበሰበ ይክፈለኝ ብሏል። ብዙዎቻችሁ ደግፋችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም «ጸሐፊው ለምን ዝም ይላል?» ብላችኋል። እንደ ጸሐፊነቴ የተባለውን ሁሉ በቃለ ጉባኤው አስፍሬአለሁ። እንደ አንድ አባል ግን ሐሳቡን አልደግፍም፤ ምክንያቴንም በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘርዝሬ አቀርባለሁ።

ይህን ስጽፍ የኮምፒዩተር ሊቅ ነኝ ብዬ አይደለም። ትምህርቴ የአንደኛ ደረጃ ነው። ሆኖም ጠይቆ መረዳት የሚከለከል ነገር ስላልሆነ፣ ዕቃ የሚጠግኑትንም ኮሌጅ ያሉትንም ልጆቻችንን ጠይቄ፣ በየቤቱም እየገባሁ አይቼ የደረስኩበትን ነው የማቀርበው።

በቅድሚያ ጥያቄው ከየት እንደመጣ እንወቅ። ሕዝባችን የፊልም ሱስ ይዞት አይደለም። ዛሬ የልጅ ሠርግ የሚቀረጸው ጥራቱ ከፍ ባለ ካሜራ ነው፤ ቀራጩም የሚያስረክበን በፍላሽ ነው። በዐረብ አገር፣ በደቡብ አፍሪካና በአሜሪካ ያሉ ልጆቻችን የክርስትናና የልደት ቪዲዮ ይልካሉ። ያረፉ ወላጆቻችን ድምፅና መልክ የቀረውም በዚሁ በቪዲዮ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ባለበት ቤት እናትየዋ የልጇን ሠርግ የምታየው በወጣቱ ስልክ ላይ ነው፤ ያውም ልጁ ሲፈቅድ። ዓይኗ የደከመ አሮጊት በመዳፍ በምታክል መስታወት ምን ታያለች? ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰካ ደግሞ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ይጠፋል፤ ወይም ምስሉ እየተንተፋተፈ ይሄዳል። ስለዚህ ችግሩ እውነተኛ ነው። የእኔ ክርክር በመፍትሔው ላይ ነው።

ምስሉ ለምን ይጠፋል? ቪዲዮ እንደ ሱፍ ነው ብላችሁ አስቡት። በግ ሸልተን ሱፉን ወደ ገበያ ስናወርድ በጆንያ ጠቅጥቀን እናስረዋለን፤ እንደተነፋ ቢጫን አንድ አህያ አይበቃውም። ቪዲዮም እንዲሁ ታምቆ ነው በፍላሽ የሚቀመጠው። ያንን የታመቀውን መልሶ የሚያፍታታ ደግሞ ከወዲህ በኩል ያስፈልጋል። የአስተማመቁ ዘዴ በየጊዜው ይለወጣል። በ1995 ዓ.ም. «ኤች 264» የሚባለው ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. «ኤች 265» ተከተለ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ «ኤቪ 1» መጣ። ኤች 265 ተመሳሳዩን ምስል በግማሽ ያህል ቦታ ያስቀምጣል። ለምሳሌ የሁለት ሰዓት ሠርግ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ቢቀረጽ 7.2 ጊጋባይት ይሆናል፤ በአዲሱ ዘዴ ግን ወደ 3.6 ይወርዳል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ቴሌቪዥን ይህን አጠቃቀጥ አያውቀውም። አይፎን ስልኮች ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በዚሁ በኤች 265 መቅረጽ ጀምረዋል። ከውጭ የሚላክልን ቪዲዮ በድምፅ ብቻ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ አንድን ትንሽ ኮምፒዩተር ለቪዲዮ ስንመርጥ ዋናው ጥያቄ «ስንት ጊጋ ነው?» ወይም «ስንት ኬ ነው?» አይደለም። ጥያቄው «ኤች 265ን የሚያፍታታ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተመደበ ክፍል በውስጡ አለው ወይ?» የሚል ነው። ያለው ከሆነ መሣሪያው ሳይግል፣ ሳይጮህ፣ በትንሽ መብራት ያሳያል። ከሌለው ዋናው አንጎሉ ሥራውን ሁሉ ይሸከምና እየተንገላታ ይሠራል፤ ምስሉም ይቆራረጣል።

ከዚህ በመነሣት በጅምላ መግዛቱን የምቃወምባቸው ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ከመካከላችን ምንም መግዛት የማያስፈልገው አባል አለ። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች በጎናቸው ወይም በጀርባቸው የፍላሽ መሰኪያ አላቸው፤ ብዙዎቹም ኤች 265ን ራሳቸው ያፍታታሉ። ባለቤቱ ግን ሞክሮት አያውቅም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ይህ ነው። እንደዚህ ያለውን አባወራ ዱቤ ውስጥ መክተት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በሌላ በኩል ጀርባው ወፍራም የሆነውን፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ መሰኪያ ብቻ ያለውን የድሮ ቴሌቪዥን የያዘ አባል አለ። ለእርሱ ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ በምንም ቦክስ ቢመጣ ጥራቱ እዚያው መስታወቱ ላይ ይቀራል። ገንዘብ ካለው የሚያስፈልገው ቦክስ ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው። ታዲያ የሁለቱ ቤት ችግር ሳይገናኝ አንድ ዓይነት ዕቃ ለሁሉም ማደል ምን ይባላል?

2ኛ/ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አያሞኘን። «ፎርኬ»፣ «ኤትኬ» እየተባለ በትልቁ ይጻፋል። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ምስል በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ ሁለት ሚሊዮን ያህል ይሆናል። ፎርኬ አራት እጥፉ፣ ማለትም ስምንት ሚሊዮን ያህል ነው። ነገር ግን በሠፈራችን የሚበዛው 32 ኢንች ቴሌቪዥን ሲሆን፣ የዚህ ብዙው ነጥብ 1366 በ768 ብቻ ነው። አንድ ሚሊዮን በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ስምንት ሚሊዮን ቢያፈሱበት የተረፈው ይፈስሳል እንጂ አይጠቅምም። ከሦስት ሜትር ላይ ተቀምጦ በዚህ ስፋት ልዩነቱን የሚለይ ዓይን ያለው ካለ ይንገረኝ።

3ኛ/ ሠሪው የማይታወቅ ርካሽ ቦክስ ሌላም ጣጣ አለው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ ስለነዚህ ዕቃዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። «ባድቦክስ 2.0» የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በአንዳንዶቹ ውስጥ ገና ከመሸጣቸው በፊት ተጭኖ ይመጣል፤ ሌሎቹ ደግሞ ሲተከሉ በሚጫን ፕሮግራም አማካይነት ይያዛሉ። ጎግልም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ክስ ሲመሠርት የተያዙት መሣሪያዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ገልጿል። ሥራው ምንድን ነው ቢባል፣ ቦክሱ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የቤቱን መስመር ለማናውቃቸው ወንበዴዎች ያከራያል። ነጋዴው ያሳየን ናሙና እንዲህ ነው ብዬ አልመሰክርም። ነገር ግን ሠሪው ማን እንደሆነ ተጠይቆ መልስ ያልተገኘለትን ዕቃ ማኅበር በስሙ ፈርሞ ለአባላቱ ቤት ማስገባት የለበትም። በግል የገዛ ለግሉ ነው፤ ማኅበሩ የፈረመበት ግን የሁላችን ኃላፊነት ይሆናል።

4ኛ/ ገንዘቡ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጥቷል። ይህ ዱቤ ለብዙዎቻችን በጎች ተሸጠው የሚከፈል ነው፤ የልጅ ደብተርና ማዳበሪያም ከዚያው ነው የሚወጣው። መዋጮው ደግሞ ለሐዘንና ለድንገተኛ ችግር ተብሎ የተቋቋመ ነው። አንዱ መክፈል ቢያቅተው ከዚያው ከሐዘን ገንዘብ ሊሟላ ነው ማለት ነው። ይህን አስባችሁበታል?

«ታዲያ አንተ ምን እንግዛ ትላለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ቴሌቪዥኑ ተፈትሾ አልሠራ ላለው አባል ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው «ራስበሪ ፓይ» የሚባለው ነው። ይህ የመታወቂያ ካርድ የምታክል ኮምፒዩተር በእንግሊዝ አገር ልጆች ኮምፒዩተር እንዲማሩባት ተብላ በየካቲት 2004 ዓ.ም. የወጣች ናት። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የወጣው አራተኛው ዓይነት ኤች 264ንም ኤች 265ንም የሚያፍታታ ክፍል አለው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለሽያጭ የቀረበው አምስተኛው ፈጣን ቢሆንም ለኤች 264 የተመደበውን ክፍል ትቶታል፤ ሥራውን በዋናው አንጎል ይሠራዋል፤ ይችለዋልም። ስለዚህ ለቪዲዮ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አምስተኛው ይበልጣል ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ባለ 2 ጊጋ አራተኛው ይበቃል። በላዩ የሚጫነው «ሊብሬኤሌክ» የተባለው ፕሮግራም በነፃ ነው። ከሁሉ የምወድለት ግን በአብዛኛው ቴሌቪዥን ሪሞት መታዘዙ ነው። በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል የሪሞቱን ትእዛዝ ይቀበላል። እናቶቻችን አይጥና ኪቦርድ መልመድ አይጠበቅባቸውም፤ የሚያውቁትን ቁልፍ ተጭነው የልጃቸውን ሠርግ ይከፍታሉ። አንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ ይህ አገልግሎት ተዘግቶ ስለሚገኝ ከማስተካከያው ገብቶ መክፈት ነው።

ሁለተኛው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ዴል «ማይክሮ»፣ ኤችፒ «ሚኒ»፣ ሌኖቮ «ታይኒ» የሚሏቸው፣ ወፍራም መጽሐፍ የሚያክሉት ናቸው። ተማሪ ላለበት ቤት ይህ ይሻላል፤ ቀን የጽሑፍ ሥራ ይሠራበታል፣ ማታ ቪዲዮ ያሳያል። አገዛዙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኢንቴል አንጎል ያለው ከሆነ ስሙን አንብቡት፤ «አይ 5-6500» ካለ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ስድስተኛ ትውልድ ማለት ነው። አራተኛ ትውልድ ኤች 265ን የሚያፍታታ ክፍል የለውም፤ በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት። ስድስተኛው ተራውን ኤች 265 ይችላል፤ ሰባተኛውና ከዚያ በላይ ያለው ባለ 10 ቢቱንም ይጨምራል፤ የሚመረጠው እርሱ ነው። ከኋላው ኤችዲኤምአይ መኖሩንም ተመልከቱ። ብዙዎቹ «ዲስፕሌይ ፖርት» የሚባል ሌላ መሰኪያ ነው ያላቸው፤ መቀየሪያ ገመድ ያስፈልጋል። የድሮው «ቪጂኤ» ምስል እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ዕቃቸውን እያወጡ ነው። ኢንተርኔት ሳይገናኝ ከፍላሽ ቪዲዮ ለማሳየት ግን ይህ ምንም አያግደውም።

የመብራቱን ነገር ደግሞ እኛ ደገኞች ልንዘነጋው አንችልም። መብራት ሲሄድ በሶላር ባትሪ የምንጠቀም አለን። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ነው። ቴሌቪዥኑ 45፣ ፓዩ 5 ዋት ቢወስዱ 12 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። 20 ዋት የሚወስድ የቢሮ ትንሽ ኮምፒዩተር ቢሆን 9 ሰዓት፤ 100 ዋት የሚበላ ትልቁ ዴስክቶፕ ከሆነ ግን 4 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን ሳንቆጥር ነው። ፓዩን በተራ የስልክ ቻርጀር እንዳትሞክሩት፤ 5 ቮልት 3 አምፒር የሚሰጥ የራሱ ቻርጀር ይፈልጋል፤ አለዚያ ይንተፋተፋል፣ ጥፋቱም በዕቃው ላይ ይላከካል። መብራት በድንገት ሲጠፋ በሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም ሊበላሽ ስለሚችል አንድ የተጫነ ትርፍ ካርድ መያዝ ብልህነት ነው። ኩበትና እንጨት በሚነድበት ቤት ጭሱና አቧራው ማራገቢያ ያለውን ዕቃ ስለሚዘጋው፣ ማራገቢያ የሌለው፣ ብረት ልብስ ያለው ይመረጣል።

ኢንተርኔትን ተማምኖ መግዛትም አይበጅም። በዲሽ የሚመጣው ሌላ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ሳህናችንን አዙረናል፤ ለዚያ ሪሲቨር ይበቃል። የሞባይል ኢንተርኔት ግን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናውቀው ነው። በዚያን ጊዜ በእጁ ፍላሽ የነበረው ሰው ልጆቹን ሲያይ፣ ሁሉን ነገር ከኢንተርኔት የሚጠብቀው ጥቁር መስታወት ሲያይ ከረመ። ስለሆነም የምንገዛው ከፍላሽ የሚያነብ ይሁን። ፍላሽ ስትገዙም ሁለት ነገር አስተውሉ። «2000 ጊጋ» ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የውሸት ነው፤ ጥቂት ይይዝና የቀረውን ይውጠዋል። እውነተኛውም ቢሆን «ፋት 32» በሚባለው አደራደር ከሆነ ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ «ኤክስ ፋት» ተደርጎ ይስተካከል። ይህን ስል ቴሌቪዥኑ ኤክስ ፋትን ማንበቡንም አብራችሁ ፈትሹ። ሠርግ የሚያህል ነገር በአንድ ፍላሽ ብቻ አይቀመጥ፤ ሁለተኛ ግልባጭ ሌላ ቤት ይኑር።

ውጭ ላሉ ልጆቻችንም አንድ መልእክት ብናደርስ ብዙ ወጪ ይቀንሳል። በአይፎን የሚቀርጹ ከሆነ ከካሜራው ማስተካከያ ውስጥ «ፎርማትስ» ብለው «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጡ፤ ቪዲዮው በአሮጌው በኤች 264 ይቀረጻል፣ የቤታችን ቴሌቪዥንም ያሳየዋል። በቴሌግራም ሲልኩም እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለዚያ መንገድ ላይ ጥራቱ ይወርዳል። ይህ ያለ አንድ ሳንቲም የሚፈታ ችግር ነው።

ጅምላውን የደገፋችሁ ወንድሞችና እኅቶች «በብዛት ሲገዛ ዋጋ ይቀንሳል፤ ብቻውን የሚገዛ ይታለላል» ብላችኋል። ከሁለቱ ነገር አንዱን እቀበለዋለሁ፤ ብቻውን የሚገዛ ይታለላል። ግን አብሮ መታለልም አለ፤ እርሱ ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ማንም ለማንም አያዋሰውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ሲባል፣ ማበር ለማስተዋልም ይሆናል እንጂ ለመግዛት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤

ሀ/ የነጋዴው የዱቤ ስምምነት አይፈረም፤ መዋጮው ለተቋቋመበት ጉዳይ ይቀመጥ።

ለ/ ዕቃ የሚያውቁ ሁለት ወጣቶች ተመርጠው፣ ፈቃደኛ በሆነው ቤት ሁሉ እየገቡ ቴሌቪዥኑን በራሱ በባለቤቱ ፍላሽ ይሞክሩ፤ የሚሠራውንና የማይሠራውን ይመዝግቡ።

ሐ/ መግዛት የሚያስፈልጋቸው ከታወቁ በኋላ፣ አቅም ያለው በፈቃዱ ይግዛ፤ ወጣቶቹ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ መርጠው ያምጡለት። የሠርጉን ወይም የክርስትናውን ፍላሽ ሱቁ ውስጥ ሰክተው አሥር ደቂቃ ሳያዩ ብር አይክፈሉ። አላሳይም የሚል ሻጭ ካለ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው።

መ/ መግዛት የማይችል አባል ቪዲዮውን ይዞ በማኅበሩ አዳራሽ የሚያይበት አንድ መሣሪያ በፈቃደኞች መዋጮ ይገዛ። የልጁን መልክ ለማየት ማንም ሰው በግ መሸጥ የለበትም።

ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያለው አባል በስብሰባው ላይ እንዲያቀርብ፣ ወይም ጽፎ ለጽሕፈት ቤቱ እንዲያስገባ እጠይቃለሁ፤ እንዳለ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ